የማታ ተዋናይ

ቀን ቀን የአንድ ድርጅት የሒሳብ መዝገብ እይዛለሁ፤ ማታ ማታና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፒያሳ አካባቢ ከሚሰባሰብ የአማተር ተዋንያን ክበብ ጋር ትያትር እሠራለሁ። ክፍያ የለውም፤ የአዳራሽ ኪራይና የአልባሳት ወጪ ሲመጣም የምናዋጣው እኛው አባላቱ ነን። «የምትጫወተው ምን ዓይነት ሰው ነው?» ተብዬ ስጠየቅ አንድ መልስ መስጠት ይቸግረኛል፤ ደመወዝተኛው ተዋናይ በመልኩ፣ በድምፁና በስሙ ሲመረጥ፣ የአማተሩን ሚና የሚወስነው በዚያ ሰሞን ማን ከሥራው ቀደም ብሎ መውጣት እንደቻለና ማን እንደቀረ ነውና። በዚህ መንገድ ደላላም፣ የቀበሌ ሊቀመንበርም፣ የመኳንንት አሽከርም፣ ቄስም፣ ልጁን የቀበረ ሽማግሌም ሆኛለሁ፤ ሴት ተዋናይ በጠፋበት አንድ ሰሞን ደግሞ ሻሽ አስረው አሮጊት አድርገውኛል። ይህ የመጨረሻው ለአገራችን መድረክ አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1927 ዓ.ም. በተመሠረተው በሀገር ፍቅር ትያትር ቤት፣ ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይቆጠር በነበረባቸው የመጀመሪያ ዓመታት፣ የሴቶቹን ሚና ይጫወቱ የነበሩት ወንዶች ናቸው። እነ አስናቀች ወርቁ ያንን አጥር ባይደፍሩት ኖሮ እኛም ዛሬ ሻሽ ስንበደር በዋልን ነበር።

መድረክን የተዋወቅሁት በ1990ዎቹ፣ በየትምህርት ቤቱ የፀረ ኤድስ ክበባት በተስፋፉበት ዘመን ነው። የእነዚያ ድራማዎች መጨረሻ ገና ሳይጀመሩ ይታወቅ ነበር፤ ልቅ የሆነው ይታመማል፣ ጨዋው ይመክራል፣ ተማሪው ግን ምክሩን ሳይሆን ሰካራሙን ሊያይ ይመጣል። ሰካራሙ እኔ ነበርኩ። የተመልካች ሳቅ ድፍረት ይሰጣል፤ ሙያ ግን እምብዛም አያስተምርም።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የወሰደብኝ ድምፅ ነው፤ ድምፅ ስል ጩኸት ማለቴ አይደለም። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ተናጋሪው ያድርግ አያድርግ፣ ይጠይቅ ወይም ይዘዝ፣ የሚታወቀው በመጨረሻው ቃል ነው፤ የጀማሪ ተዋናይ ትንፋሽ የሚያልቀው ግን ልክ እዚያ ላይ ነው። «ልጅሽን ትናንት ገበያ ላይ አላየሁትም» የሚለው ቃለ ተውኔት መጨረሻው ከተዋጠ፣ ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው አይቶት ይሁን ሳያየው በግምት ይቀራል፤ የተውኔቱ ሴራ በሙሉ ደግሞ በዚያች ቃል ላይ የቆመ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በክበባችን የመጀመሪያዎቹ ልምምዶች ጠረጴዛ ከበን የምናነብባቸውና ትንፋሽ የት እንደሚወሰድ በእርሳስ የምናመለክትባቸው ናቸው። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ስለማይለይም፣ እንደ «አለ» ያለው ሲያጋጥም ደራሲው የትኛውን እንደፈለገ እዚያው ተከራክረን እንወስናለን።

ይህን ያስተማረኝ አሠልጣኝ አይደለም፤ ትኬት ገዝቼ ያገኘሁት ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ 25ኛ ዓመት ሲከበር፣ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በዛሬው ብሔራዊ ትያትር ኋላ ወንበር ላይ እየተቀመጥኩ፣ አንጋፎቹ ተዋንያን በሹክሹክታ የሚናገሩት ሳይቀር እንዴት እንደሚደርሰኝ ሳጤን፣ ድምፃቸው ማሰሪያው ላይ ዝቅ ሲል እንኳ ትንፋሻቸው እንደማይላላ ተረዳሁ። እኛ በምንጫወትባቸው ትናንሽ አዳራሾች ግን ሌላ ባላጋራ አለ፤ እሱም የጣሪያው ቆርቆሮ ነው። በሐምሌ ዶፍ የትኛውም የድምፅ ልምምድ አያድንም። ያኔ ንግግሩን ገታ አድርገን በእንቅስቃሴ እንቆያለን፤ መድረኩ ላይ ቡና የምትቆላ ካለች መቁላቷን ታስረዝማለች፣ ጋዜጣ የያዘ ካለ ገጽ ይገልጣል፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ተውኔቱ ከቆመበት ይቀጥላል። ይህን ሳይጠቃቀሱ መሥራት የቻሉ ተዋንያን አብረው ብዙ የሠሩ መሆናቸውን ማወቅ ይቻላል።

የቄስ ሚና ሲደርሰኝ ቃሉን ከመያዝ ይልቅ መስቀል መያዝ ከብዶኝ ነበር። ካህን ሲያሳልም መስቀሉን ግንባር አስነክቶ ወደ ከንፈር የሚያወርደው ሳያስብበት ነው፤ ተመልካቹም ይህን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በራሱ ግንባር የሚያውቀው በመሆኑ፣ እጄ ትንሽ ቢያመነታ ልብሰ ተክህኖው ብቻውን አያድነኝም። ስለዚህ ለሳምንታት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሜ ያየሁት የካህናቱን እጅ ነበር። የሐዘንተኛው ሽማግሌም እንዲሁ ነው፤ ጋቢው የደስታ ቀን እንደሚለበሰው ከተለበሰ፣ ነጠላዋን ያላዘቀዘቀች ሐዘንተኛም አጠገቡ ከተቀመጠች፣ ከመጀመሪያው ረድፍ አንዲት እናት «ምን ዓይነት ለቅሶ ነው ይሄ?» ማለታቸው አይቀርም፤ ብለውም ያውቃሉ። በእኔ አስተያየት የአዲስ አበባ አማተር ትያትር ትልቁ ድክመት እዚህ ላይ ነው፤ እንባ ለማፍሰስ ብዙ ይደከማል፣ ልብሱ እንዴት እንደሚለበስ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ቃለ ተውኔቱን የምይዘው በእግር ስሄድ ነው። ከአራት ኪሎ በራስ መኮንን ድልድይ አድርጌ ወደ ፒያሳ ስወጣ የማጠናው በዋናነት የራሴን ክፍል ሳይሆን ከእኔ በፊት የሚናገረውን ሰው ቃል ነው፤ የሌላውን በሚገባ ያዳመጠ ተዋናይ የራሱን እምብዛም አይረሳም፣ ቢረሳም ጉዳዩን ስለሚያውቅ በራሱ አነጋገር ይሻገረዋል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነባር ሰፈሮች ከፈረሱ ወዲህ ግን ከአባላቶቻችን ብዙዎቹ ወደ ከተማው ዳር ስለሄዱ፣ ልምምድ የምንጨርሰው የታክሲውን ሰልፍ እያሰብን ነው። የሁለት ሰው ተውኔት የምናበዛውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሁለት ሰው ማገናኘት ከስምንት ሰው ይቀላል።

በአሁኑ ጊዜ እየተለማመድኩት ያለሁት የዳኛ ሚና ነው። ከመጀመሪያው ትዕይንት እስከ መጨረሻው ከወንበር አልነሣም፤ የምናገረውም ጥቂት ነው፤ እስካሁን ከተጫወትኳቸው ሁሉ ይህኛው የከበደኝም ለዚህ ይመስለኛል። የዕረፍት ፈቃድ ወስጄ ልደታ ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ችሎቶች ተቀምጬ ነበር፤ ያየኋቸው ዳኞች ከሚናገሩት የሚጽፉት ይበዛል፣ ተከራካሪው ሲቆጣም ቀና የሚሉት ከጥቂት ቆይታ በኋላ ነው። አዘጋጃችን መዶሻ እንድመታ ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ በተቀመጥኩባቸው ችሎቶች መዶሻ ሲመታ ስላላየሁ፣ እስክሪብቶ ይበቃኛል ብዬ እየተሟገትኩ ነው። እሱ «ተመልካቹ መዶሻ ይጠብቃል» ይላል። የመድረክ ቁሳቁስ ኃላፊዋ ግን ነገሩ እስኪለይለት ሁለቱንም አዘጋጅታ አስቀምጣለች።