የልጅነቴን ነጥብ ቆጠርኩት

ሳንዲያጎ ውስጥ በየክሊኒኩ አስተርጓሚ ሆኜ ነው የምሰራው። የታካሚ ጉዳይ ከዛ ክፍል አይወጣም፣ ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ የራሴን ነው።

አንድ ወረቀት አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ2020 ጀምሮ ሜዲካል የሚባለው የመንግስት ኢንሹራንስ ያላቸውን ሰዎች ሀኪሞች ስለ ልጅነታቸው እንዲጠይቁ ይበረታታሉ፣ ለጠየቁበትም 29 ዶላር ይከፈላቸዋል። አስር ጥያቄ ነው። አስራ ስምንት አመት ሳይሞላሽ ቤት ውስጥ የሚሰድብሽ የሚያዋርድሽ ነበር? የሚመታሽስ? ያለፍላጎትሽ የነካሽ ሰው አለ? የሚወደኝ የለም ብለሽ ታውቂያለሽ? የሚበላ አጥተሽ፣ የሚጠብቅሽ አጥተሽስ? እናትና አባትሽ ተለያይተዋል? እናትሽ ትደበደብ ነበር? መጠጥ የሚያበዛ ወይ ሱስ ያለበት፣ የአእምሮ ህመም ያለበት፣ የታሰረ ሰው ቤት ውስጥ ነበር? ለያንዳንዱ አዎ አንድ ነጥብ ይያዛል።

መጀመሪያ ያስተረጎምኩት ቀን "የሚመታሽ" የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ተቀየረ። እኛ ጋ ያልተመታ ማን አለ? ስንቆነጠጥ፣ ስንንበረከክ፣ በበርበሬ ስንታጠን፣ አርጩሜውን ራሳችን ቆርጠን እንድናመጣ ስንላክ ነው ያደግነው፣ ይሄን ሁሉ ደግሞ ቅጣት ነው የምንለው፣ ጥቃት ብሎ የሚጠራው ሰው ሰምቼ አላውቅም። አስተርጓሚ ከራሱ ቃል አይጨምርምና ጥያቄውን እንዳለ አስተላልፌ ዝም አልኩ። መጠይቁ እኮ መጀመሪያ ሲሰራ አንድ ቀን የተመታ ሁሉ አይልም ነበር፣ በተደጋጋሚ ወይም ምልክት እስኪተው ድረስ ነው የሚለው።

ቤት ገብቼ ከየት እንደመጣ ሳነብ ለካ የተጀመረው እዚሁ ሳንዲያጎ ነው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ አጋማሽ ቪንሰንት ፌሊቲ የሚባል ዶክተር ካይዘር ፐርማነንቴ የሚባል የጤና ድርጅት ውስጥ የክብደት መቀነሻ ፕሮግራም ይመራ ነበር፣ እና ሰዎቹ በደንብ እየቀነሱ፣ በጣም እየተሳካላቸው እያለ ድንገት ጥለው ይሄዳሉ። ግራ ገባው። አንድ በአንድ ቁጭ ብሎ ሲያናግራቸው ብዙዎቹ በልጅነታቸው ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸው ሆነው ተገኙ፣ ለአንዳንዶቹ ውፍረቱ መከለያቸው ነበር፣ ሰው በዛ አይን እንዳያያቸው። ሀኪሙ በሽታ ብሎ ሊያጠፋው የሚታገለው ነገር ለነሱ መጠለያቸው ነበር ማለት ነው። እዚህ ጋ ስደርስ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ።

ከዛ ሲዲሲ ከሚባለው የአሜሪካ የጤና መስሪያ ቤት ሮበርት አንዳ ጋር ሆኖ ከ1995 እስከ 1997 ከ17,000 በላይ አዋቂዎችን ጠየቁ፣ ኤስ ስተዲ፣ በልጅነት የደረሰ መከራ ጥናት፣ የሚባለው ይሄ ነው። ሰዎቹ ደግሞ አብዛኞቹ ነጮች፣ የተማሩ፣ ኢንሹራንስ ያላቸው ናቸው። በ1998 የመጀመሪያው ውጤት ሲወጣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ አዎ ብለዋል። ምንም አዎ ካላሉት ጋር ሲነፃፀሩ አራትና ከዛ በላይ ያሉት በአልኮል ሱስ፣ በድብርት፣ ራስን ለማጥፋት በመሞከር አደጋቸው ከ4 እስከ 12 እጥፍ ይበልጣል። ነጥቡ ሲጨምር የልብ በሽታው፣ ካንሰሩ፣ የጉበቱ፣ የሳንባው አብሮ ይጨምራል። አንዱ መንገድ ሲጋራና መጠጥ ነው፣ ሰው ህመሙን የሚያስታግስበት፣ ሌላው ደግሞ በር በተንኳኳ ቁጥር የሚደነግጥ ልጅ ሰውነቱ ውስጥ ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን እረፍት ሳያገኝ አመታት መቆየቱ ነው፣ አእምሮውም ልቡም የሚያድገው እዛ ድንጋጤ ውስጥ ነው።

አንድ ማታ ልጆቼ ከተኙ በኋላ ኪችን ቁጭ ብዬ ያንን የመጀመሪያውን መጠይቅ ለራሴ ሞላሁት። አራት። አባቴ ወታደር ነበር፣ ከግንባር ሲመለስ የሚጠጣ ሰው ሆኖ ነው የመጣው፣ እናቴን ይመታት ነበር። እሷ ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቀናት የምትተኛበት ጊዜ ነበር፣ እኛ "ነገር በዝቶባት ነው" ነው የምንለው፣ ድብርት የሚባል ቃል ቤታችን አልነበረም። በመጨረሻም ተለያዩ። እኔ የደም ግፊት መድሀኒት ከጀመርኩ ሶስት አመቴ ነውና እንቅልፍ ሳልተኛ አደርኩ፣ በቃ የተፃፈልኝ ይሄ ነው ብዬ።

ግን እንደዛ ማንበቤ ስህተት ነበር፣ ይሄን የሚለው ደግሞ ራሱ አንዳ ነው። በ2020 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ፅሁፍ ነጥቡ የህዝብን ጤና ለማጥናት የተሰራ ሸካራ መለኪያ ነው፣ የአንድን ሰው የወደፊት ጤና ለመተንበይ አይሆንም ብሎ አስጠነቀቀ። ሁለት ወር የቆየውም አስር አመት የቆየውም እኩል አንድ ነጥብ ነው፣ በስንት አመትሽ እንደሆነ አይጠይቅም፣ ምን ያህል እንደከበደ አይጠይቅም።

እኛን ያልጠየቀንም ብዙ ነው። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ የ77ቱ ድርቅ ሲመጣ ልጅ ነበርኩ። የሚበላ መጥፋቱን ወረቀቱ የሚጠይቀው እንደ ቤተሰብ ችላ ማለት አድርጎ ነው፣ የኛ እናቶች ግን እነሱ እየፆሙ ለኛ ነው የሰጡት። ዴርኮንና ፖርተር የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች በዛ ረሀብ ወቅት ከ12 እስከ 36 ወር እድሜ ላይ የነበሩ ልጆች አድገው ቁመታቸው ቢያንስ በ5 ሴንቲሜትር አጥሮ መገኘቱን አሳይተዋል። የአለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው መጠይቅ ጦርነትንና የሰፈር ውስጥ ግጭትን ይጠይቃል፣ ለኛ ሰው የሚሆነው እሱ ይመስለኛል።

ሌላ ጥናት ደግሞ አለ፣ እኔን ያነሳኝ እሱ ነው። ዊስኮንሰን ውስጥ ከ6,000 በላይ አዋቂዎችን ስለ ልጅነታቸው ደህና ደህናውን ጠየቁ፣ ሰባት ነገር፣ በ2019 ታተመ። ከሰባቱ ስድስት ወይም ሰባት አዎ ያሉት፣ ሁለትና ከዛ በታች ካሉት ይልቅ ለድብርት ወይም ለተጎዳ የአእምሮ ጤና ያላቸው ተጋላጭነት በ72 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፣ ብዙ መከራ ያዩትም ላይ ጥቅሙ ታይቷል። ከሰባቱ አንዱ ከወላጆችሽ ሌላ ስላንቺ የምር የሚያስቡ ቢያንስ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ነበሩ ወይ ይላል።

ነበሩ። ጎረቤታችን ጠላ የሚጠምቁ ሴትዮ ነበሩ፣ እማማ ነው የምንላቸው። አባቴ ሲመጣ በአጥሩ ሾልኬ እሳቸው ጋ እገባለሁ። ምን ሆንሽ አይሉም፣ ቆሎ ይሰጡኝና "እስቲ ደብተርሽን አንብቢልኝ" ይሉኛል። ፊደል አይቆጥሩም ነበር። የሳይንስ ደብተሬን ሙሉ እስከ ማታ አንብቤላቸዋለሁ፣ ጠላውን እያማሰሉ "እህ፣ ከዛስ?" ይላሉ። ሁለተኛው የስድስተኛ ክፍል የሂሳብ አስተማሪዬ ናቸው።

እዚህ አገር ግን አጥሩም የለ፣ እማማም የሉ። ሁለት ስራ እየሰራን በራችንን ዘግተን ነው ልጅ የምናሳድገው። ባለፈው ሳምንት የአስራ አራት አመት ልጄን መኪና ውስጥ ጠየቅኩት፣ ከኔና ከአባትህ ሌላ የምር ስላንተ የሚያስብ ትልቅ ሰው አለ ወይ ብዬ። "ኮቼ" አለ ወዲያው፣ አሰልጣኙን ነው። ሁለተኛስ ስለው በመስኮቱ ውጪ ውጪውን እያየ ቆየና "እኔንጃ" አለኝ።

ማታውኑ የአጎቴ ልጅ ጋ ደወልኩ፣ መኪና የሚጠግን ልጅ ነው፣ ሰው ይወዳል። እሁድ እሁድ ጋራዥ ይዘኸው ሂድ፣ ባይሰራም አጠገብህ ይቁም አልኩት። ትናንት ጠዋት መጥቶ ወሰደው፣ ማታ ሲመለስ እጁ በሙሉ ግራሶ ነበር።