ሻንጣዬ ወፍጮ ቤት ሄደ

ዛሬ የኪሊማንጃሮ ሻንጣዬን ሰፈር ወፍጮ ቤት ወስጄ አስመዘንኩት። ቤት ሚዛን የለማ! አስጎብኚዎቹ "ተሸካሚ የሚይዝልህ ከ15 ኪሎ እንዳይበልጥ" ብለዋል፤ የእኔ 19 ሆኖ ቁጭ። ባለወፍጮው "ጤፍ ነው ገብስ?" አለኝ። አልተሳሳተም፤ ስከፍተው 3 ኪሎ በሶ፣ ከሥሩ ደግሞ በፌስታል የታሰረ ቆሎ። እማዬ ናት። "እዚያ ያለ መሪ መውጣት ክልክል ነው፣ ምግቡንም እነሱ ናቸው የሚያበስሉት" ብላት "የሚያበስሉትን አይተኸዋል?" አለችኝ። ምን ይመለሳል?

ጠዋት አዲሱን ጫማ ላላምድ እንጦጦ ወጥቼ ነበር። ስወርድ ተረከዜ ላይ የሃምሳ ሳንቲም የምታህል ውሃ ቋጥራለች። እዚህ መሆኑ በጀ፤ ታንዛኒያ ላይ በሦስተኛው ቀን ቢሆን አለቀልኝ። "የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ከፍታ ምኔ ነው" እያልኩ ስፎክር ነበር የከረምኩት። እንጦጦ 3,200 ሜትር ገደማ ነው፣ የኪሊማንጃሮ ጫፍ ኡሁሩ 5,895። ያውም የመጨረሻው ዳገት የሚወጣው በሌሊት፣ ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ። መሪያችን በስልክ ደጋግሞ የነገረኝ አንድ ነገር ነው፦ "ፖሌ ፖሌ"፣ በእኛ ቀስ በል።

ቆሎው ቀርቷል፣ በሶው ግማሹ ይሄዳል። አሁን ስለ ጋቢ እየተደራደርን ነው።