ጋቢው ከሽጉጡ በለጠ

«ኧረ ጋቢው! ጋቢው እኮ ወንበሩ ላይ ነው!»

ይህን የጮኸችው የጓደኛዬ እህት ናት። አጭር ፊልማችንን ሳሎን ውስጥ ተሰብስበን ስናይ፣ ስክሪኑ ላይ ላለችው ልጅ ነው የምትነግራት። ደስታዬን አልደብቅም። የወንጀልና የፖለቲካ ትሪለር፣ ማለትም ልብ አንጠልጣይ ፊልም፣ መሞከር ከጀመርን ወዲህ ሰው ሲያዛጋና ስልኩን ሲነካካ እንጂ ሲጨነቅልን አይቼ አላውቅም ነበር። ስለዚህ እንዴት እዚህ እንደደረስን ልጻፍ። በስልክ ፊልም ለምትሠሩ ይጠቅም ይሆናል።

የመጀመሪያውን ጊዜ ቶሎ ልለፈው። ያለነው ደብረ ብርሃን ነው። ያለን ስልክ፣ ካፕካት የሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ መተግበሪያና ትርፍ ጊዜ ነው። እንደ ሁሉም ሰው በማሳደድ ጀመርን። ጥቁር ኮት፣ ጥቁር መነጽር፣ ባጃጅ፣ የፕላስቲክ ሽጉጥ። ጣርማበር ዋሻው አጠገብ ጉሙ ሲወርድ የቀረጽናት አንዲት ሾት (ሳይቆረጥ የተቀረጸ ምስል) በጣም ታምራለች፤ ታሪኩ ውስጥ ግን ምንም ሥራ የላትም። ሽጉጡን የተውነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በዚህ ጊዜ ሰሜን ሸዋ ውስጥ የአሻንጉሊት ሽጉጥ ይዞ መንገድ ላይ መሮጥ የጤና አይደለም። ሁለተኛ፣ ሽጉጥ ስንፍና ነው። ጸሐፊው ምን እንደሚያስፈራ ማሰብ ሲታክተው የሚመዘው ነገር ነው። በዚህ አልደራደርም።

የአሁኑ ታሪካችን ትንሽ ነው። አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የመሬት ካሳ ከተከፈላቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ከሞተ የቆየ ሰው ስም ታገኛለች። ስሙ ፊት ለፊት ፊርማ አለ። ገጹን በስልኳ ማንሳት አለባት። ያላት ጊዜ የምሳ ሰዓት ብቻ ነው፤ ከ6:30 እስከ 7:30። የፖለቲካ ትሪለር ሲባል ብዙ ሰው ቤተ መንግሥት፣ ጄኔራልና ሄሊኮፕተር ይታየዋል። ለእኔ አንድ ፋይል፣ አንድ ማህተምና አንድ የሚከፈት በር ይበቃል። ጉዳይ ለማስፈጸም ተመላልሶ «ፋይሉ የለም» የተባለ ሰው ፍርሃቱን ይዞት ነው የሚመጣው።

የመዝገብ ቤቱ ሲን (ትዕይንት) ግን አልነሳ አለን። ትፈልጋለች፣ ጥበቃው ይመጣል፣ ታመልጣለች። ወረቀት ላይ ያስጨንቃል። ሲቀረጽ ቢሮ የምታስተካክል ነው የምትመስለው። ሙዚቃ ጨመርን። ቆራረጥነው። ጥበቃውን አስሮጥን። ባሰበት።

መፍትሔው የመጣው ከሁለት ሰዎች ነው። አንዱ የትሪለር ፊልሞች ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ለፈረንሳዊው ዳይሬክተር ለፍራንሷ ትሩፎ ረጅም ቃለ ምልልስ ሰጥቶ ነበር። እዚያ ላይ የሚያነሳው ምሳሌ አለ። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተራ ወሬ ያወራሉ። ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ አለ። ተመልካቹ ካላወቀ፣ ሲፈነዳ ለ15 ሴኮንድ ይደነግጣል። አስቀድሞ ካወቀ ግን ያንኑ ተራ ወሬ 15 ደቂቃ ሙሉ እየተጨነቀ ይሰማል። ይህን ፊልም የሚወድ ሁሉ ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር። የጎደለኝ የራሳችን ቦምብ ነው።

ሁለተኛው ጥበቃውን የሚጫወቱልን ጎረቤታችን ጋሼ ናቸው። ዕድሜያቸውን በጥበቃ ሥራ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ሩጡ ስንላቸው ቆም ብለው አዩን።

«ልጆቼ፣ በምሳ ሰዓት ጥበቃን ምን አስሮጠው?»

«ታዲያ ለምን ይመለሳሉ ጋሼ?»

«ብርድ ነዋ! ጋቢዬን ረስቼ።»

ሲኑ አሁን እንዲህ ይጀምራል። ጥበቃው መዝገብ ቤት ገብተው ከልጅቷ ጋር ስለ ኑሮ ውድነት ያወራሉ። ፀሐይ ነው። ጋቢያቸውን አውልቀው ወንበሩ መደገፊያ ላይ ጣል ያደርጉታል። ወሬው ያልቅና ይወጣሉ። ጋቢው ይቀራል። ካሜራው አያፈጥበትም፤ ጥግ ላይ ነጣ ብሎ ይታያል እንጂ። ልጅቷ በሩን ገርበብ አድርጋ የብረት ካቢኔቱን መሳቢያ ትስባለች። ውጪ ፀሐይዋ ትሸፈናለች፤ ንፋስ ይነሳል። ጋሼ ግቢው በር ላይ ቆመው ትከሻቸውን በእጃቸው ይዳብሳሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ይመጣሉ፤ በጣም ቀስ ብለው። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ኤዲቲንጉም ተቀየረ። በፊት እሷን፣ እሳቸውን፣ እሷን፣ እሳቸውን እያልን እናፈራርቅ ነበር። ማን ከማን ምን ያህል እንደሚርቅ ግን አይታወቅም። አሁን በመስኮቱ በኩል ግቢውን፣ በሩንና ኮሪደሩን በአንድ ሰፊ ሾት መጀመሪያ እናሳያለን። ጋሼ ሁሌም ከግራ ወደ ቀኝ ይራመዳሉ። እሷ ሁሌም ፊቷ ወደ ግራ ነው። አቅጣጫው አንዴ ከተዘበራረቀ ሰውየው እየመጡ ይሁን እየሄዱ ስለማይለይ ጭንቀቱ ይበተናል። ደግሞ ሾት ለማሳጠር አትቸኩሉ። የጋሼን እርምጃ ሳንቆርጥ ስንተወው ነው ሰው መቁነጥነጥ የጀመረው።

ከዚህ ሁሉ የተረፈችኝ መሣሪያ ደብተር ላይ የሰመርኳት ሠንጠረዥ ናት። ተመልካቹ ምን ያውቃል? ባለታሪኳ ምን ታውቃለች? ባላጋራዋስ? ለእያንዳንዱ ሲን ሦስቱንም እሞላለሁ። ተመልካቹ ከሷ በላይ ካወቀ ይጨነቃል። እኩል ካወቁ አብሯት ይመረምራል። ከሷ ያነሰ ካወቀ መጨረሻ ላይ ይደነግጣል፤ ይህ ግን በአንድ ፊልም ከአንድ ጊዜ በላይ ከሆነ መታለል ይመስለዋል። ከሦስቱ ዓምዶች አንዱም ካልተለወጠ ሲኑ ይወጣል፣ የቱንም ያህል ቢያምር። የጣርማበሯ ሾት የወጣችው በዚህ ሕግ ነው። ከስልኬ ግን አላጠፋኋትም። ለሌላ ፊልም ሰበብ እየፈለግኩላት ነው።

ድምፅ ላይ አጭር ልሁን። ትንሽ ገንዘብ ካላችሁ ከካሜራ በፊት ማይክ ግዙ። የእኛ አገር ንፋስ ማይክ ውስጥ ሲገባ ንግግር የሚባል ነገር አይተርፍም። እኛ ያልተፈተለ የበግ ጠጉር በሻሽ አድርገን ማይኩ ላይ እንጠቀልላለን፤ ይሠራል። ክፍሉ ሲያስተጋባ ደግሞ ግድግዳው ላይ የመንዝ ባና እንሰቅላለን። ሙዚቃውን አወጣሁት። ዳይሬክተሩ ጁልስ ዳሲን እ.ኤ.አ. በ1955 በሠራው «ሪፊፊ» ውስጥ ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ የስርቆት ሲን አለ፤ ንግግርም ሙዚቃም የለውም። የሙዚቃው ደራሲ ሙዚቃ ጽፎለት ነበር፤ ሁለቱንም ካየ በኋላ ያለ ሙዚቃ ይሻላል ብሎ ተስማማ። እኛም የመሳቢያውን ሲጥጥታ ብቻ ተውን። ማስታወቂያው ላይ ግን ከበሮ አለበት። ምን ላድርግ፣ ያለ ከበሮ ማንም አይከፍተውም።

ስለ ባላጋራው ደግሞ አንድ ነገር። የሚጮህ ባለሥልጣን አትጻፉ። የሚያስፈራው «እስቲ አረፍ በይ፣ ሻይ ይምጣልሽ» የሚለው ነው። ዳይሬክተሩ ኮስታ ጋቭራስ እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣው «ዜድ» ግሪክ ውስጥ በ1963 ስለተገደለው የፓርላማ አባል ስለ ላምብራኪስ ነው። ፊልሙን የሚያንቀሳቅሰው ግን ተኩስ አይደለም። መርማሪ ዳኛው ድምፁን ሳይጨምር ይጠይቃል፣ ጸሐፊው ይጽፋል። የተለያዩ ሰዎች አንድ ዓይነት አባባል ሲደግሙ ቃሉ የተጠና መሆኑ ይታወቃል። ይህን ዘዴ ለሁለተኛው ክፍል ያለ ኀፍረት ልወስደው ነው።

ያልተፈታልኝ መጨረሻው ነው። «ዜድ» ኃላፊዎቹ ተከሰሱ ብለን ስንደሰት፣ ወዲያው ምስክሮቹ መሞታቸውን ይነግረናል። እኔም እንደዚያ መራራ መጨረሻ እፈልጋለሁ። እናቴ ግን ፊልሙ እንዳለቀ የጠየቀችኝ «ታዲያ ተያዘ?» ብላ ነው። አልተያዘም ስላት ዝም አለችኝ። የእናቴን ዝምታ የምትችሉ ከሆነ ጻፉት። እኔ ሁለት መጨረሻ ቀርጬ ነው ያስቀመጥኩት።

ቀጣዩ አፈርሳታ ነው። ድሮ ስርቆት ሲፈጸም የአካባቢው ሰው አንድ ቦታ ይሰበሰብ ነበር፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅም ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም ነበር። ለወንጀል ፊልም ከዚህ የተሻለ ዝግ ቦታ ከየት ይመጣል? ግድግዳ እንኳ አያስፈልገው። መንዝ ሜዳ ላይ ልንቀርጸው አስበናል። ተዋናይ ሞልቷል፤ ሽማግሌ መሆን የሚፈልግ አለ፣ በሐሰት የሚጠረጠር መሆን የሚፈልግ አለ። ሌባውን እጫወታለሁ ያለ ግን እስካሁን አልተገኘም።