ቦርሳው ላይ ያሉት ሁለት ሴቶች

ሐረር ፈረስ መጋላ አካባቢ ለቱሪስት የጨርቅ ቦርሳና ፖስትካርድ እሸጣለሁ። ቦርሳዎቹን መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ያሉ ልብስ ሰፊዎች ይሰፉልኛል። ሥዕል መርጦ ማሳተም ደግሞ የእኔ ሥራ ነው።

መጀመሪያ ያሳተምኩት እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1856 ለንደን ካሳተመው መጽሐፍ የተወሰደ የከተማችን ሥዕል ነው። ኢንተርኔት ላይ ነበር ያገኘሁት። ደማቅ ቀለም ተቀብቷል፤ ከፊት ለፊት ሁለት ሴቶች የሐረር ስፌት ይዘው ቆመዋል። ይህን ያህል ያረጀ ነገር ባለቤት አይኖረውም ብዬ 40 ቦርሳ አሳተምኩ።

አንድ ቀን ከድሬዳዋ የመጣ ወጣት ሱቄ ገባ። ቦርሳውን አገላብጦ አየውና «እህቴ፣ እነዚህን ሴቶች የሳልኳቸው እኔ ነኝ» አለኝ። አልተቆጣም። ስልኩን አውጥቶ ከእርሳስ ንድፉ ጀምሮ አሳየኝ። ክው አልኩ። የመጽሐፉን ሥዕል ፈልጌ ሳየው እውነትም እነዚያ ሴቶች የሉበትም፤ ቀለሙም የእሱ ነው።

የተሸጠውን አስልተን ድርሻውን ከፈልኩት። ለቀሪው በጽሑፍ ተስማማን፤ ስሙንም ቦርሳው ላይ በሚንጠለጠለው ወረቀት አስገባሁ።

ከዚያ በኋላ ነው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ቁጭ ብዬ ያነበብኩት። በአገራችን የአንድ ሥራ መብት ሠሪው በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ የሚቆጠረው የሥዕሉ ዕድሜ ሳይሆን የሠዓሊው ሞት ነው። በርተን የሞተው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። ሥዕሉን ሌላ ሰው ሠርቶት ቢሆንስ? ያ ሰው በ1856 የ20 ዓመት ወጣት ነበር እንበል፤ 100 ዓመት ቢኖር እንኳ በ1936 ይሞታል። 50 ዓመት ሲጨመርበት 1986። አውሮፓ ውስጥ 70 ዓመት ስለሆነ ወደዚያ ለምልከው ደግሞ 2006። በሁለቱም ስሌት ዋናው ሥዕል ነጻ ነው። ወጣቱ የጨመረበት ግን የራሱ አዲስ ሥራ ነው፤ እሱን ሳይጠይቁ መጠቀም አይቻልም።

ፎቶግራፍ ሌላ ነው፤ በእኛ አዋጅ ከተነሳበት ጊዜ አንስቶ 25 ዓመት። የድሮ ፋብሪካዎች የዕቃ ማሸጊያ ላይ ያለውን ሥዕል ግን ጭራሽ አልነካም። ሥዕሉ ቢያረጅም የንግድ ምልክቱ ዛሬም ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል።

አሁን ደብተር አለኝ። ማን ሣለው፣ መቼ ሞተ፣ የትኛው መጽሐፍ ላይ ወጣ፣ ቅጂውን ከየት አገኘሁት፤ ይህን ሳልጽፍ ማተሚያ ቤት አልሄድም። አንድ በጣም የምወደው የሸዋ በር፣ ማለትም ከከተማችን ግንብ በሮች የአንዱ፣ ሥዕል አለ። ከግርጌው ፊርማ አለው፤ ስሙ ግን አይነበብም። የከተማውን ሽማግሌዎች እየዞርኩ እየጠየቅኩ ነው። እስከዚያው መሳቢያዬ ውስጥ ነው ያለው።