የካጋዋ ኡዶን ቤት፦ ትሪ ከማንሳታችሁ በፊት

ካጋዋ በጃፓን በስፋቱ ትንሹ ክፍለ ሀገር ነው። በሺኮኩ ደሴት ሰሜን በኩል ይገኛል፣ ዋና ከተማው ታካማትሱ ነው። ድሮ ሳኑኪ ይባል ስለነበር ወፍራሙ የስንዴ ኑድል እስከ ዛሬ ሳኑኪ ኡዶን ይባላል። ዝናብ የሚያጥረው አካባቢ በመሆኑ ስንዴ ይስማማው ነበር፤ ጨዉ ከባሕሩ ዳርቻ፣ ሶይ ሶሱ (የአኩሪ አተር ሶስ) ከሾዶ ደሴት፣ ለመረቅ የሚሆነው ደረቅ ትንንሽ ዓሣ ከኢቡኪ ደሴት ይመጣል። ዛሬ ዱቄቱ በአብዛኛው ከአውስትራሊያ ስንዴ ነው። ታሪኩ ይህን ያህል ይበቃል፤ ሰው የሚቸገረው ትሪ ይዞ ራሱን በሚያስተናግድበት ሰልፍ ላይ ነው።

አንድ ነገር ከገባችሁ የቀረው ሁሉ ይቀላል፦ ኑድሉ ከቀዝቃዛው ውኃ ከወጣ በኋላ ደቂቃ በደቂቃ ይላሽቃል። የምታዙት ዓይነት፣ መጠኑ፣ ጥብሱ፣ መረቁ፣ ሁሉም ወይ ያንን ያፋጥናል ወይ ያዘገያል።

ሊጡ ዱቄት፣ ውኃና ጨው ብቻ ነው። ጥሬ ኑድል ታሽጎ በእውነተኛ የሳኑኪ ስም እንዲሸጥ የወጣው የጃፓን ደንብ ካጋዋ ውስጥ መሠራቱን፣ ውኃው ከዱቄቱ ክብደት ከ40 በመቶ፣ ጨዉ ከ3 በመቶ አለማነሱን፣ ሊጡ ቢያንስ 2 ሰዓት ማረፉን፣ በ15 ደቂቃ ገደማም በደንብ መብሰሉን ይጠይቃል። ለ1 ኪሎ ዱቄት ቢያንስ 400 ግራም ውኃና 30 ግራም ጨው ማለት ነው። ባለሙያዎቹ ጨዉን እንደ ወቅቱ ይቀያይሩታል። የድሮው መለኪያ በበጋ ሙቀት ለአንድ ስኒ ጨው 3 ስኒ ውኃ፣ በብርድ 6፣ በቀረው ጊዜ 5 ይላል። ሙቀት ሊጡን ስለሚያላላው ጨው ይጨመርና ያጠብቀዋል። ከዚያ ላስቲክ ተሸፍኖ በእግር ይረገጣል፤ ለእጅ በጣም ጠንካራ ነውና።

ሲነከስ ከላይ ለስለስ፣ ከውስጥ መለስ የሚያደርገው ያ ጥንካሬ ኮሺ ይባላል። እንደ ፓስታ ቶሎ ከውኃ በማውጣት የሚገኝ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ አይደለም። መሐሉ ነጭና ዱቄት ዱቄት የሚል ኑድል ያልበሰለ ነው እንጂ ኮሺ ያለው አይደለም። ጥንካሬው የሚመጣው ከጨዉ፣ ከመረገጡ፣ ከዕረፍቱና በመጨረሻ ከቀዝቃዛው ውኃ ነው።

ይህን ከሰልፉ ላይ ሆናችሁ ማየት ትችላላችሁ። አብሳዩ ከትልቁ ድስት ኑድሉን በመረብ ያወጣና ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይጥለዋል፤ በሁለት እጁ እያሸ ላዩ ላይ ያለውን አንሸራታች ስታርች ያጥባል፤ ቀጥሎ የአንድ ሰው ድርሻ እየቆነጠረ፣ እየጠቀለለ ይደረድራል። ጥቅልሉ ገና ውኃ እያንጠባጠበ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ። ላዩ ደርቆ እርስ በርሱ የተጣበቀ ከሆነ ቆይቷል። ሁለት ሦስት ሰው አሳልፋችሁ አዲስ የሚወጣውን ብትጠብቁ ያዋጣል።

ትሪ አንስታችሁ ተሰለፉ። ስታዙ መጠኑንና ዓይነቱን ትናገራላችሁ። ትንሹ አንድ ጥቅል ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 250 ግራም የተቀቀለ ኑድል። ትልቁ በብዙ ቤት ሁለት ጥቅል ነው፣ ባንዳንዱ ቤት ሦስት። የራበው እንግዳ ትልቁን በትኩስ መረቅ ያዝዝና ግማሹ ላይ ሲደርስ ኑድሉ ገንፎ ይሆንበታል። ትንሽ አዝዛችሁ ካልጠገባችሁ እንደገና ተሰለፉ፤ በጥቂት መቶ የን የሚበላ ምግብ ነው፣ ብዙ የአገሩ ሰውም በአንድ ቀን ሁለት ሦስት ቤት ይዞራል።

ዓይነቱ ላይ ብዙ ስም ታያላችሁ፣ ዋናዎቹ ግን ጥቂት ናቸው። ካኬ በቀጭን የዓሣ መረቅ የተሞላው ነው። ቡካኬ ወፈር ያለ ጨዋማ ሶስ ጥቂት ብቻ የሚፈስበት ነው። ኪጆዩ ኑድሉ ላይ ሶይ ሶስ ጠብ የሚደረግበት ነው። ካማአጌ በቀዝቃዛ ውኃ ሳይታጠብ ከድስቱ ከነሙቅ ውኃው ይቀርብና ሶስ እየተነከረ ይበላል፤ ለስላሳ ነው፣ ኮሺ ፍለጋ የመጣ ሰው አይዘዘው። ካማታማ ያንኑ ትኩስ ኑድል ከጥሬ እንቁላል ጋር ያማታል። ኑድሉ ሳህን ውስጥ እንደገባ ወዲያው ካላማታችሁት እንቁላሉ ሳይረጋ ጥሬ ይቀራል።

ካኬ ስታዙ ደግሞ ሙቀቱን ትመርጣላችሁ። ብዙ ቤቶች ሂያ-አትሱ ሲባሉ ይገባቸዋል፦ ቀዝቃዛ ኑድል፣ ትኩስ መረቅ። መረቁ ለብ ይላል፣ ኑድሉ ግን እንደጠነከረ ይቆያል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገባ ሰው ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው። ሁለቱም ትኩስ ከሆነ አትሱ-አትሱ፣ ሁለቱም ቀዝቃዛ ከሆነ ሂያ-ሂያ ነው። አንዳንድ ቤት ጥቅሉን በሳህን ይሰጧችሁና ማሞቁ የእናንተ ሥራ ይሆናል፦ ኑድሉን እጀታ ባለው ጥልቅ ማጥለያ አድርጋችሁ የሚፈላው ውኃ ውስጥ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ መንከር፣ ሁለት ሦስት ጊዜ በደንብ ማራገፍ። ማራገፉን የዘለለ ሰው መረቁን ያቀጥነዋል፤ ጣዕም የለውም እያለ የሚያማርረው ይኸው ሰው ነው።

ቀጥሎ የቴምፑራው፣ ማለትም በሊጥ ተነክሮ በዘይት የተጠበሰው ነገር፣ መደርደሪያ አለ፦ ቺኩዋ የሚባለው የተፈጨ ዓሣ ቱቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ስኳር ድንች፣ ዱባ፣ አትክልት ባንድ ላይ ተጠቅልሎ የተጠበሰ። ዋጋው በቁራጭ ስለሚቆጠር በመቆንጠጫ ሳህን ላይ አውጡት፣ ሒሳብ ተቀባዩ እንዲያየው ከላይ አስቀምጡት። ከአንድ ወይም ከሁለት በላይ አትውሰዱ። ሦስት ቁራጭ ስታላምጡ ኑድሉ አይጠብቃችሁም። ቴምፑራውን መረቅ ውስጥ መንከር የልማድ ጉዳይ ነው፣ ዘይቱ ግን ቀጭኑን መረቅ ስለሚያደበዝዘው ቢያንስ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ፉት በሉ።

መረቁ ብዙ ጊዜ ከሒሳብ በኋላ ከቧንቧ ራሳችሁ የምትቀዱት ነው። ሳህኑን ሁለት ሦስተኛ ሙሉት። ቡካኬ የያዘ ሰው እዚህ ምንም አይቀዳም፤ ሶሱ አስቀድሞ ገብቶለታል። በተቃራኒው የቡካኬውን ሶስ እንደ ካኬ መረቅ አፍስሶ የሚሞላ ሰው በጨው ይቃጠላል። የሽንኩርት ቅጠል፣ የተፈጨ ዝንጅብል፣ ሰሊጥና የቴምፑራ ፍርፋሪ በነፃ ናቸው። ፍርፋሪው ወዲያው ስለሚርስ በትንሽ በትንሹ ጨምሩ። ዝንጅብል ከቀዝቃዛው ጋር ያምራል፣ ካኬ ላይ ግን ሲበዛ የዓሣውን መዓዛ ይሸፍናል።

ማንኪያ የለም። ኑድሉ በቾፕስቲክ እየተሳበ ድምፅ እያሰማ ይገባል፣ መረቁ ሳህኑን በማንሳት ይጠጣል። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ በቂ ነው፤ ሰልፉ ቆሞ እያየ ወሬ መያዝ ነውር ነው። ጉርሻ አይሰጥም። ትሪውን ራሳችሁ ወደ መመለሻው መስኮት ትወስዳላችሁ። ብዙ ቤቶች ጠዋት ከፍተው ከሰዓት በኋላ በእኛ አቆጣጠር 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ይዘጋሉ፣ ኑድል ካለቀ ደግሞ ከዚያም በፊት። ካርድ የማይቀበሉ ስላሉ ጥሬ ገንዘብ ያዙ።

ለጾመኛ አንድ ማሳሰቢያ። ሥጋ የሌለበት ሁሉ የጾም አይደለም፦ የካኬው መረቅም የቡካኬው ሶስም ከዓሣ ነው፣ የቴምፑራው ሊጥ ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት፣ ዘይቱም ዓሣ የተጠበሰበት ነው፤ ፍርፋሪውም ከዚያው የወጣ ነው። ኢናሪ የሚባለው በጣፋጭ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ) የተሸፈነ ሩዝ እንኳ በዓሣ መረቅ የተቀቀለ ሊሆን ይችላል። ኑድሉ ራሱ ንጹሕ ነው፤ ቀዝቃዛውን ያለ ምንም ተቀብላችሁ ሽንኩርት ቅጠል፣ ዝንጅብልና ሰሊጥ አድርጉበት። ሶይ ሶሱን ግን ጠይቁ፣ ጠረጴዛ ላይ ያለው ጠርሙስ የዓሣ መረቅ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ሙስሊም አንባቢዎችም ሶሶቹ ውስጥ ሚሪን የሚባል ጣፋጭ የሩዝ አልኮል ስለሚገባ፣ ሥጋ ኡዶንም በብዛት የበሬ ቢሆንም የአሳማ የሚያደርጉ ስላሉ፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ካጋዋ ድረስ መሄድ ለማይችል ማሩጋሜ የሚባለው ሰንሰለት አለ። ስሙን ከካጋዋ ከተማ ቢወስድም በሌላ ክፍለ ሀገር፣ በሂዮጎ፣ የተመሠረተ ኩባንያ ነው፤ ከጃፓን ውጭ የመጀመሪያውን ቤት በ2011 ሃዋይ ውስጥ ዋይኪኪ፣ ለንደን ደግሞ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ከፈተ። ኑድሉን እዚያው ዓይናችሁ እያየ ስለሚሠሩ ትሪ ይዛችሁ ስትቆሙ ከምግብ ዝርዝሩ በፊት ድስቱን ተመልከቱ።