ሁለት ኬብል፣ የአንድ ኬብል ፍጥነት

ትናንት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ሰርቨር ክፍል ነበርኩ። ጃኬት ረስቼ ኤሲው አጥንቴ ድረስ ገባ።

ነገሩ ባክአፑ ነው። ከስቶሬጁ (ዳታው ከሚቀመጥበት ማሽን) ጋር በአይስካዚ፣ ማለትም የሩቅ ዲስክን በኔትወርክ በሚያስጠቅም ዘዴ፣ የተገናኘች አንዲት የሊኑክስ ሰርቨር አለችኝ፣ ማታ የጀመረችው ባክአፕ ጠዋት ሰው ሥራ ሲገባም አያልቅላትም። ባለፈው ሳምንት ሁለተኛ ኬብል ጨምሬ ሁለቱን ባለ 1 ጊጋቢት መስመሮች ቦንድ አደረግኋቸው፣ ማለትም እንደ አንድ መስመር እንዲሠሩ አጣመርኳቸው። ለአለቃዬም «በቃ፣ እጥፍ ይሆናል» ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። ምን ዋጋ አለው! ድሮም በሰከንድ 110 ሜጋባይት አካባቢ ነበር፣ አሁንም እዚያው። ስዊቹ ላይ አንዱ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ሌላው ለሽ ብሏል።

ጥፋቱ የኔው ነው። እኔ የሠራሁት ዓይነት ቦንድ አንድን የቲሲፒ ኮኔክሽን (በሁለት ማሽኖች መካከል የተከፈተን አንድ የዳታ ግንኙነት) ለሁለት ኬብል አያካፍልም። አይስካዚ ደግሞ በተለምዶ ለአንድ ሴሽን፣ ሰርቨሯ ስቶሬጁ ላይ ገብታ ለምትሠራበት ማለት ነው፣ የሚከፍተው አንድ ኮኔክሽን ነው። መንገዱ ሰፍቶ መኪናው ሁሉ በአንድ ረድፍ ተሰልፏል።

የሚያናድደው፣ መላው ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተጽፎ መቀመጡ ነው። የአይስካዚ ደንብ የተጻፈበት ሰነድ፣ አርኤፍሲ 3720፣ አንድ ሴሽን ብዙ ኮኔክሽን መያዝ ይችላል ይላል። ትእዛዞቹ በየትኛውም ኮኔክሽን ቢሄዱ ለሴሽኑ በሙሉ አንድ ተራ ቁጥር ስላላቸው ተቀባዩ በቅደም ተከተል ያሰልፋቸዋል፤ የአንዱ ትእዛዝ ዳታና ምላሽ ግን ትእዛዙ በሄደበት በዚያው ኮኔክሽን ነው የሚያልፈው። ሳነበው ልቤ ሞቀ። ዊንዶውስ ይችለዋል። የኔዋ ሊኑክስ ላይ ያለው የአይስካዚ ሶፍትዌር፣ ኦፕን አይስካዚ፣ ግን አይችልም፣ አለቀ።

መጀመሪያ ተበሳጨሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን የኦፕን አይስካዚ ሠሪዎች እውነት አላቸው፤ ለየትኛውም ዓይነት ስቶሬጅ የሚሠራ መልቲፓዝ (ወደ አንድ ዲስክ የሚወስዱ ብዙ መንገዶችን የሚያስተባብር ሶፍትዌር) እያለ ያንኑ ሥራ አይስካዚ ውስጥ ደግሞ ማን ይደግመዋል? ቦንዱን አፈረስኩ። ለእያንዳንዱ ኬብል የራሱን ሳብኔት (የኔትወርክ አድራሻ ክልል)፣ የራሱን ሴሽን ሰጠሁ፣ መልቲፓዙን በየተራ እንዲያካፍል አዘዝኩት። ሁለቱም መብራቶች አበዱ። ከ200 ሜጋባይት በላይ! አላመንኩም፣ አንዱን ኬብል መዘዝኩት። ትንሽ አንገራገረና ቀጠለ።

ጠዋት አለቃዬ «ኬብሉ ተበላሽቶ ነበር እንዴ?» አሉኝ። እንቅልፌ ስለመጣ አዎ አልኳቸው።