ማስታንጉ አራት ወንበር አለው፤ ለማን?

ባለቤቴ ጣሪያው የሚከፈት መኪና መውደድ የጀመረው አሜሪካ ከመጣ በኋላ አይደለም። ገና አዲስ አበባ ተማሪ ሳለ፣ ሙሽሮች ጭነው ክላክስ እያሰሙ የሚያልፉትን ክፍት መኪኖች መንገድ ዳር ቆሞ ያይ ነበር። እዚህ ከመጣ በኋላ ደግሞ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ሰው ሲያደርስ፣ ሻንጣ ሲያወርድ፣ ሌሊት ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ኖረ። መኪና ለእሱ ሥራ ነው። ስለዚህ "አንድ ቀን ለደስታ ብቻ የምነዳው መኪና እገዛለሁ" ሲለኝ ነገሩን እንደ ቅብጠት አላየሁትም። ለፍቶበታል፤ ይገባዋል።

ያማረው ፎርድ ማስታንግ ነው። ያገለገለ፣ ጣሪያው ወደ ኋላ የሚታጠፍ። ማስታንግ በ1964 ለሕዝብ ከቀረበ ጀምሮ አሜሪካኖች የሚሳሱለት መኪና ነው። ባለቤቴ ደግሞ ሌላም ምክንያት ነበረው። "ሁለት ወንበር ብቻ ያለው ቢሆን አልጠይቅሽም ነበር" አለኝ። "ይሄ አራት ወንበር አለው። እኛም አራት ነን።"

አራት መሆናችን እውነት ነው። አምስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅና ገና ዓመት ያልሞላት ሴት ልጅ አሉን። ግን እነዚያ የኋላ ወንበሮች ለየትኛው ሰው እንደተሠሩ ሳናውቅ ገንዘብ ማውጣት አልፈለግንም። ይህን የምጽፈውም እዚህ ዲሲ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ እንደ እሱ የሚመኙ ብዙ ያገሬ ልጆች ስለማውቅ ነው። አንዳንዱ ሚስቱን እንዴት አድርጎ እንደሚያሳምን ይጨነቃል። አንዳንዷም ባሏ የሚያማክረው ሰው አጥቶ እንዲቸኩል አትፈልግም።

እኛ ያደረግነው ቀላል ነው። ለቅዳሜና እሁድ ያንኑ ዓይነት መኪና ተከራየን። የመኪና አከራዮች ክፍቱን ማስታንግ ብዙ ጊዜ አያጡትም። መኪና መሸጫ ሄዶ ብሎኩን አንዴ ዞሮ መመለስ ለቤተሰብ ምንም አያሳይም። ሻጩ አጠገብህ ተቀምጦ፣ ልጆቹ ቤት ቀርተው፣ የኋላ ወንበሩን ማን ይፈትነዋል?

መጀመሪያ የሞከርነው የሕፃኗን ካር ሲት፣ ማለትም መኪና ውስጥ የሚታሰረውን የልጅ ወንበር ነው። እዚህ ላይ ቁጥሩን ልናገር፣ ምክንያቱም ሁሉንም ነገር የሚወስነው እሱ ነው። በክፍቱ ማስታንግ የኋላ ወንበር ላይ የእግር ማሳረፊያው ቦታ ወደ 74 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ብዙዎቻችን የምንነዳው ቶዮታ ካምሪ ደግሞ ከ96 ሴንቲ ሜትር በላይ አለው። ሕፃን ልጅ ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ የምትቀመጥበት ካር ሲት ቁመቱን ብቻ ሳይሆን ርዝመቱንም ይፈልጋል፤ ጋደም ማለት አለበትና። ማስታንጉ ውስጥ ስናስገባው ከፊት ያለውን ወንበር ገፍቶ ሄደ። ባለቤቴ ፊት ተቀምጦ ሲሞክር ጉልበቱ ዳሽቦርዱን ነካ። እሱ ረጅም ነው፤ ግን እኔም ብሆን አልመችም ነበር።

ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ ቢሆን "እንችለዋለን" እንል ነበር። አይደለም። ሹፌር ከመሪው ኤርባግ ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ርቆ እንዲቀመጥ ይመከራል። ከሹፌሩ ጎን ያለውም ኤርባጉ ላይ ተለጥፎ መቀመጥ የለበትም፤ ሲፈነዳ ጉልበቱ ከባድ ነው። ካር ሲቱን ፊት ወንበር ላይ እናድርገው የሚል ካለ ደግሞ በፍጹም። ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ሕፃን የሚሠራ ኤርባግ ፊት አይቀመጥም።

ሕጉንም ታውቁታላችሁ። በቨርጂኒያ ከጁላይ 2019 ጀምሮ፣ በሜሪላንድ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ በመሠረቱ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ነው የሚቀመጠው። ሐኪሞቹ ከዚያም አልፈው ካር ሲቱ የሚፈቅደው ክብደትና ቁመት እስኪሞላ አታዙሩት ይላሉ። የሕፃን ጭንቅላት ከገላው አንፃር ከባድ ነው፤ አንገቱ ደግሞ ገና አልጠናም። ግጭት ሲመጣ ፊቱ ወደ ኋላ ከሆነ ጉልበቱ ጀርባው ላይ ተበትኖ ያርፋል። ፊቱ ወደ ፊት ከሆነ አንገቱ ብቻውን ይሸከመዋል። እኔ ይህን ካወቅሁ በኋላ "ለትንሽ መንገድ ነው" የሚባል ነገር አይዋጥልኝም።

ስለዚህ ለልጃችን መልሱ እዚያው ፓርኪንግ ላይ ተገኘ። አይሆንም። እሷን እህቴ ጋ ትተናት ሄድን።

የልጁ ነገር ግን ሌላ ነው፤ ስጽፈው ደስ እያለኝ ነው። የእሱ ካር ሲት ፊቱ ወደ ፊት ስለሆነ ያለ ጣጣ ገባ። ማያያዣው ብረት በሁለቱም የኋላ ወንበሮች ላይ አለ። በርግጥ በሩ ሁለት ብቻ ነው፤ የፊቱን ወንበር አጥፎ ጎንበስ ብሎ መግባት ያስፈልጋል። ባለ ሁለት በር መኪና በሩ ረጅም ስለሆነም የሱፐርማርኬት ጠባብ ፓርኪንግ ውስጥ በደንብ አይከፈትም። ጣሪያው ሲከፈት ግን አስቡት። ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ ወገቤን ሳላጎብጥ፣ ከላይ ሆኜ ቀበቶውን አሰርኩለት። በሚኒቫናችን እንኳን እንዲህ ተመችቶኝ አያውቅም። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባታል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የማስታንጉ የኋላ ወንበር መደገፊያው አጭር ነው፤ ከፍ ዝቅ የሚል የራስ መደገፊያም የለውም። ልጁ አድጎ ወደ ቡስተር፣ ማለትም ቀበቶው ልክ እንዲሆንለት ከፍ ወደሚያደርገው መቀመጫ ሲሸጋገር፣ ጀርባ የሌለው ቡስተር ላይ ከተቀመጠ ጆሮው ከወንበሩ ጫፍ በላይ ይወጣል። ያኔ ከኋላ ሲገጩት አንገቱን የሚይዝለት የለም። ስለዚህ ጀርባ ያለው ቡስተር የግድ ነው።

አማቴ በዚያ ሰሞን ከአገር ቤት መጥተው እኛ ጋ ነበሩ። የኋላ ወንበሩን በእውነት የፈተኑት እሳቸው ናቸው።

"እማማ፣ እርስዎ ፊት ይሁኑ" አልኳቸው።

"የለም ልጄ፣ እኔ ከልጄ ልጅ ጋር ከኋላ እሆናለሁ። እናንተ ባልና ሚስት ፊት ሁኑ።"

እንቢ ማለት አይቻልም። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ አንድ እጃቸውን ባለቤቴ ትከሻ ላይ ጭነው፣ እግራቸውን ቀድመው ለማስገባት ሞከሩ። አልሆነም። ዞረው በጀርባቸው ገቡ። ተቀመጡ፤ ግን ጉልበታቸው ከወገባቸው በላይ ቀረ። የወንበሩ ጀርባ ቀጥ ያለ ነው፤ አይጋደምም። ጎኑም ጠባብ ነው፤ የሚታጠፈው ጣሪያ መሣሪያ ግራና ቀኙን ስለሚወስድ፣ ጣሪያው ከማይከፈተው ማስታንግ ይልቅ ትከሻ ያስጨንቃል። እሳቸው ምንም አላሉም። የኛ እናቶች መቼ ይናገራሉ? ፊታቸውን አይቼ ግን "እንውጣ" አልኩ። ለማውጣት ሁለታችንም አስፈለግን። አንዱ እጃቸውን ይዞ፣ አንዱ ከስር ደግፎ።

ከዚያ እሳቸው ፊት ሆኑ፣ እኔ ከኋላ ከልጄ ጋር። እኔ ረጅም አይደለሁም፤ ሆኖም ጉልበቴ የፊቱን ወንበር ይነካ ነበር። ለአንድ ሰዓት ይቻላል። ከዚያ በላይ ግን ማንንም ትልቅ ሰው እዚያ አላስቀምጥም።

የሄድነው ስካይላይን ድራይቭ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ በብሉ ሪጅ ተራሮች ጀርባ ላይ 169 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ መንገድ። ከአሌክሳንድሪያ ተነስተን በ66 ሀይዌይ ወደ ፍሮንት ሮያል ስንወጣ ጣሪያው ክፍት ነበር። ፊት ለተቀመጠ ሰው ደስ ይላል፤ መስታወቱ ነፋሱን ይመክትለታል። ያ ነፋስ ግን መስታወቱን አልፎ የኋለኛው ወንበር ላይ ነው የሚወድቀው። ሀይዌይ ላይ ልጄ አጠገቤ ሆኖ የሚለኝ አይሰማኝም። ዓይኑን ይጨፍናል። ነፋስ መከላከያ የሚባል መረብ አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚዘረጋው በኋላ ወንበሮቹ ላይ ነው። መረቡ ካለ ሰው የለም፤ ሰው ካለ መረቡ የለም። ለዚህ ነው ይህ መኪና በመሠረቱ ለሁለት ሰው የታሰበ ነው የምለው። ዳር ይዘን ቆመን ጣሪያውን ዘጋነው።

ስካይላይን ላይ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 35 ማይል ነው። እዚያ እንደገና ከፈትነው። በዚያ ፍጥነት ነፋሱ ይዳስሳል እንጂ አይመታም። ኦክቶበር ነው፤ ዛፉ ሁሉ ቀልቷል፣ ቢጫ ሆኗል። ልጄ አንገቱን ወደ ላይ ቀልብሶ ከራሱ በላይ የሚያልፉትን ቅርንጫፎች ያያል። በተዘጋ መኪና ውስጥ ሁልጊዜ ታብሌት የሚጠይቀው ልጅ አንዴም አልጠየቀም። አማቴ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ሸፍነው አስረዋል። ዝም ብለው ቆዩና "በልጅነቴ በበቅሎ ስሄድ እንዲህ ነበር፤ አገሩ ሁሉ ይታያል" አሉ። ባለቤቴ መልስ አልሰጠም። መሪውን ይዞ ፈገግ እንዳለ ነው የነዳው። ያን ዕለት ያየሁትን ፊቱን ታክሲ በሚነዳበት ዘመን አላየሁትም።

ስለዚህ ደስታው እውነት ነው። እንዳትከለክሉት ነው የምለው። ግን የኛ ሰው መኪና የባለቤቱ ብቻ አይደለም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ "በዚያ በኩል ከሆናችሁ አድርሱኝ" የሚል አለ። ደለስ ኤርፖርት ሄዶ እንግዳ መቀበል አለ። በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚመጣ ሰው 23 ኪሎ የሚሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ይዞ ይመጣል፤ በርበሬውም ሽሮውም እዚያ ውስጥ ነው። የክፍቱ ማስታንግ ትራንክ 323 ሊትር አካባቢ ይይዛል፤ አፉም ጠባብ ነው። የአማቴን ትልቅ ሻንጣ አንዱን ወሰደ። ሁለተኛው የኋላ ወንበር ላይ ሆነ። ያኔ የኋላ ወንበሩ የሰው መሆኑ ቀረ። የሕፃን ጋሪ፣ ዳይፐርና የሳምንት አስቤዛ ሲጨመርበት እናንተው ገምቱት።

ሌሎቹንም ባለቤቴ በየማታው ሲያያቸው ነበር። ቢኤምደብልዩ 4 ሲሪዝ ከኋላ ወንበሮቹ ጀርባ፣ መኪናው ሊገለበጥ ሲል ብድግ የሚል የብረት መከላከያ አለው፤ ያንን እኔ ወድጄለታለሁ። ግን ጣሪያው ሲታጠፍ ትራንኩ ከ385 ወደ 300 ሊትር ይወርዳል፤ ዋጋውም ሌላ ነው። ካማሮ ከ2024 ሞዴል በኋላ ቀርቷል፤ ያገለገለውን የምታዩ ከሆነ ትራንኩ ከማስታንጉም ያንሳል። ፖርሽ 911 የኋላ ወንበር አለው ይባላል እንጂ ለትንሽ ልጅና ለቦርሳ ነው። ማዝዳ ኤምኤክስ 5 ጭራሽ የለውም። ክፍት መኪና ፈልጋችሁ አንድ ብቻ መግዛት የምትችሉ ከሆነ፣ ባለ አራት በሩን ጂፕ ራንግለር እዩ። አምስት ሰው ይይዛል፣ ጣሪያው ይወልቃል፣ ካር ሲቱ በራሱ በር ይገባል። ስፖርት መኪና አይደለም። ባለቤቴም "እሱ ሌላ ነገር ነው" ብሎኛል፤ ይገባኛል። ለቤተሰብ ግን እሱ ይሻላል፤ አልደብቅም።

እኛ የደረስንበት እንዲህ ነው። ሚኒቫናችን ቶዮታ ሲየና ይቀጥላል። ማስታንጉ ከመጣ ሁለተኛ መኪና ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ለሁለተኛው ኢንሹራንስ ደግሞ ከአሁኑ ዋጋ ጠይቀናል። ጊዜውንም ቁጭ ብለን አሰብነው። ልጃችን ሁለት ዓመት ስለሞላት ብቻ አናዞራትም። አራት ዓመት አካባቢ ፊቷን ወደ ፊት አዙራ ትቀመጥ ይሆናል። ያኔ ወንድሟ ስምንት ወይም ዘጠኝ ይሆነዋል። ያን ጊዜ ሁለቱም እነዚያ ወንበሮች ላይ ልክ ይሆናሉ። ልጁ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ሲሞላ ደግሞ እግሩ ይረዝማል፤ የአባቱን ቁመት ከወሰደ ከዚያም በፊት። በመሃል ጥቂት ጥሩ ዓመታት አሉ። አባታቸው ጣሪያውን ከፍቶ ሁለቱንም ከኋላ አስቀምጦ ተራራ የሚያወጣባቸው።

ለመኪናው ያጠራቀመው ገንዘብ ለብቻው ተቀምጧል፤ ለሌላ ነገር እንዳይነካ ተስማምተናል። እስከዚያ በየኦክቶበሩ እንከራያለን። ቅጠሉ በሚቀላበት ሰሞን ክፍት መኪና ስለሚሻሙበት፣ የምታስቡ ካላችሁ ቀደም ብላችሁ ያዙ፤ ስትረከቡም ካር ሲታችሁን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው እሰሩት።